ድንጋዩን የተካው አቁማዳ

አንድ ጊዜ፣ ጉም ከሰማይ ወርዶ ከሣሩ ጋር በሚያወጋበት፣ አንበሳም ገንፎ በሚበላበት ዘመን፣ የአራዊት ጦር በአንድ ሐይቅ ዳር ሰፍሮ ነበር። አንበሳ እንዴት ገንፎ ይበላል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ያኔ ይበላ ነበር፤ ያውም ቅቤው መሀሉ ላይ እየቀለጠ።

በዚያ ሰፈር ቀኑ ቶሎ አይመሽም። ጧት ፀሐይ ከሐይቁ ብቅ ብላ የሁሉንም ጀርባ ታሞቃለች። ቀትር ላይ ጦሩ በሙሉ ከግራሮቹ ጥላ ሥር ይጋደማል። ውሃው ዝም፣ ቅጠሉ ዝም፤ የሚሰማው የጎላው ድስት ድምፅ ብቻ ነው፤ ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ። ጎላ ይበሉት እንጂ ትንሽ ጎጆ ያህላል፤ ሁለት ከርከሮ ቢተኛበት አይጠብም። እንፋሎቱ እየተንሳፈፈ በተኙት ላይ ይዞራል። የተኛው በእንቅልፉ ያሸተዋል፣ በሕልሙ ይበላል፣ ሲነቃ ደግሞ እንደ አዲስ ይበላል። እንዲህ ያለ ሰፈር እኔም ባገኘሁ!

የወጥ ቤቱ አለቃ ቀበሮ ነበር። እጁ ይጣፍጣል፤ ይህን ጠላቱም አይክደውም። ዛሬ አልጫ፣ ነገ ቀይ ወጥ፣ ከነገ ወዲያ ገንፎ እያለ ጦሩን አቀማጥሎ ያበላዋል። ጥሩ ጥሩውን ሥጋ ቀድሞ ለራሱ እንደሚያነሣ ሁሉም ያውቃል፤ ግን እንዲህ የሚያበላውን ማን ይናገረዋል? ድስቱን የሚጠርገው ደግሞ አያ ጅቦ ነው። ማንም አልሾመውም፤ ራሱን ነው የሾመው።

ጭነቱን ሁሉ የምትሸከመው እመት አህዪት ናት። አህያና ጅብ እንዴት በአንድ ጦር ውስጥ ይውላሉ ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ መሐላው ነው። ጧት ጧት ጦሩ በጎላው ዙሪያ ይሰለፍና በአንድ ድምፅ እንዲህ ይላል፦

«ስንቅ እስካለ ድረስ ጓድ ጓዱን አይበላም!»

ሌላው ሁሉ የመሐላውን መጨረሻ ሰምቶ ደረቱን ይነፋል። አህያ ግን የምትሰማው መጀመሪያውን ነው። ስንቅ እስካለ ድረስ። ካለቀስ? ይህን እያሰበች በሰልፉ መሀል ቀስ ብላ ወደ አያ ጅቦ ትዞራለች። እሱ ቀድሞ እያያት ነው።

አንድ ቀን ጧት ድኩላ እያለከለከ ከደጋው ወረደ።

«ጌታዬ» አለ አንበሳን፣ «ተኩላዎች ወደ ጉም በር እየመጡ ነው! ከበሩ ወዲህ ያሉት ሚዳቋዎችና ጥንቸሎች ገና መውለዳቸው ነው። ልጆቻቸው ጠንክረው ወደ ቆላ እስኪወርዱ ሰባት ቀን ያስፈልጋቸዋል።»

ጉም በር ከተራራው ጫፍ ላይ ያለ ጠባብ ማለፊያ ነው። እሱን የያዘ ሁሉንም ይይዛል።

«ሰባቱ ቀን እስኪያልፍ እኛ እንይዘዋለን» አለ አንበሳ ተነሥቶ። «አለቃ ቀበሮ፣ ስንቁን አንተ አስብበት።»

ቀበሮ ጢሙን ላሰ። «ምን የሚታሰብ ነገር አለው ጌታዬ? ሠራዊትዎ እዚህ የለመደውን እዚያ አያጣም። ጎላውን ወጥ ሞልተን እንይዛለን። ጥሬ ሥጋውን ከርከሮዎች፣ ቅቤውን ዝንጀሮዎች ይሸከማሉ። በሩ ላይ እሳት አንድደን ጎላውን እንጥዳለን። ቡልቅ ማለት ሲጀምር ሁሉም ቤቱ የተቀመጠ ይመስለዋል!»

ጦሩ በደስታ አጓራ። አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ፤ ደግሞ ዋጠ።

«አንድ ነገር ብናገርስ?» አለች አህያ።

«ተናገሪ» አለ አንበሳ።

«ጉም በርን ጨው ጭኜ ሦስት ጊዜ ወጥቼዋለሁ ጌታዬ። እዚያ ማገዶ የለም፤ የተገኘውም እርጥብ ነው። እሳቱ እሺ ብሎ ቢነድ እንኳ ጢሱን ተኩላ ያየዋል። ወጥ ዳገት ላይ ይፈስሳል፤ ያልፈሰሰው ይኮመጥጣል። በሶና ቋንጣ ብንይዝ ይሻላል። እሳት አይጠይቅ፣ አይፈስስ፣ አይበላሽ።»

ቀበሮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እመት አህዪት፣ ይህን ሁሉ ጀግና ዱቄት በጥብጠሽ ልታጠጪው ነው?»

«እኔ ቋንጣ አይቻለሁ» አለ አያ ጅቦ ፊቱን አጨማድዶ። «ሥጋ አይደለም፤ ልጥ ነው። ደግሞ ይቀልላል። ምግብ ማለት ሲያነሡት የሚከብድ ነው። የሚቀልል ነገር እንዴት ሆድ ይሞላል?»

ጦሩ ሁሉ ከቀበሮ ጋር ሆነ። አንበሳም ጎላውን አየት አድርጎ «እንግዲህ ሁሉም የወደደው ይሁን» አለ። እሱም ቢሆን ገንፎውን ይወድ ነበር።

አህያ ጆሮዋን ጥላ ለጭነት ቆመች። ጭነት እንደምታውቁት በአንድ ጎን አይሄድም። ቀኝ ካለ ግራ መኖር አለበት፤ አለዚያ ተንሸራቶ ተሸካሚውን ይዞ ገደል ይገባል። ጎላው በቀኝ ጎኗ ታሰረ። በግራዋ ምን ይታሰር?

«ድንጋይ እሰሩበት» አለ ቀበሮ ዞር ሳይል።

አህያ ጆሮዋን ቀና አደረገች። «አለቃ፣ ድንጋዩን እኔ ብመርጠውስ?»

«ምረጪ።»

«ጎኔን እንዳይወጋኝ አቁማዳ ሞልቼ ላድርገው። ብቻ ክብደቱ ልክ ይሁን እንጂ ውስጡ ምን ቢሆን ግድ አለዎት?»

«በሶሽን ልትጭኚ ነው አይደል?» አለና ቀበሮ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጫኚ! ለእኔ ያው ድንጋይ ነው። ጦሩም ይስማ! በአህያ ግራ ጎን ያለው ድንጋይ ነው!» ጦሩ ሳቀ።

አህያ ወደ ጓዳው ገብታ የተረሳውን በሶና ቋንጣ አወጣች። አቁማዳውን ስትሞላ በጭብጥ እየቆጠረች ነው። ለአንበሳ ይህን ያህል፣ ለጃርት ይህን ያህል፣ ለአያ ጅቦ ደግሞ ትንሽ ጨመር። አቁማዳው ከጎላው ጋር እኩል ሲመዝን ቆመች። ብትጨምርበት ጭነቱ ያጋድላል። ቆጠራዋን ስትጨርስ ለጦሩ የሚበቃው ለአራት ቀን ብቻ ነበር።

«ሦስቱን ቀን በአለቃ ቀበሮ ድስት» አለች ለራሷ፣ «አራቱን ቀን በእኔ ድንጋይ።»

ዳገቱን ጀመሩ። ጎላው በየእርምጃዋ ከወዲያ ወዲህ እያለ ወጡን ይተፋል። አያ ጅቦ ከኋላዋ እየተከተለ የተንጠባጠበውን ከድንጋዩም ከሣሩም ላይ ይልሳል፤ ሲያሰኘው ደግሞ ከአህያ ጭን ላይ። «እሱ የእኔ እግር ነው አያ ጅቦ» ትለዋለች። «ይቅርታ፣ ወጥ መስሎኝ ነው» ይላታል።

በመጀመሪያው ማረፊያ እንደ ሰፈራቸው ተቀምጠው፣ እንደ ሰፈራቸው በልተው፣ እንደ ሰፈራቸው ተጋደሙ። በሁለተኛው ቀን የተረፈው ወጥ ኮመጠጠ፤ ሆዳቸውን እየያዙ በሉት። ቅቤው ቀልጦ በዝንጀሮዎቹ ጀርባ ላይ ፈስሶ ነበርና እርስ በርስ ተላላሱ። በሦስተኛው ቀን ጉም በር ደረሱ።

እዚያ ዓለም ጠፋች። ከፊታችሁ የሚሄደው ጓድ መጀመሪያ እግሩ ይጠፋል፣ ከዚያ ጅራቱ፣ ከዚያ ድምፁ። ጧትና ማታ አይለይም፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ለስላሳ፣ ሁሉም ዝም ያለ ነው። ከበሩ ማዶ ደግሞ፣ እጅግም ሳይርቅ፣ ተኩላዎች ሲተነፍሱ ይሰማል። ጦሩ የት እንዳለ ለማወቅ አፍንጫቸውን አቅንተው ጢስ ይጠብቃሉ።

«እሳት የሚባል ነገር እንዳላይ!» አለ አንበሳ በሹክሹክታ።

ቀበሮ ጥሬ ሥጋውን ይዞ ቆሞ ቀረ። ሥጋው በመንገድ ስለ ተበላሸ እንኳን ጥሬ ሊበላ ሊሸተትም አልተቻለም። አንድ አያ ጅቦ ብቻ «እንዳይባክን» ብሎ ሁሉንም ጠረገው። ምናልባትም ከጦሩ ውስጥ ያን ቀን የበላ እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሁሉ በፊት ራበው።

አህያ ጎላውን አስፈትታ ውሃ ከሚያንጠባጥብ አንድ አለት ሥር አስቀመጠችው። ጠብታው ባዶው ድስት ውስጥ ሲወድቅ ጠብ፣ ጠብ ይላል። የተራበው ጦር በጉሙ ውስጥ ተኝቶ ያን ድምፅ ሲሰማ ሁሉም አንድ ዓይነት ሕልም አየ። ሐይቁ ዳር ናቸው። ፀሐይ አለች። ጉሙ ጉም አይደለም፣ የጎላው እንፋሎት ነው። አንድ ዝንጀሮ በሕልሙ ተነሥቶ ጉሙን ሁለት ሦስቴ ላሰውና «ጨው አንሶታል» ብሎ ተመልሶ ተኛ።

«እመት አህዪት» አለ አንድ ድምፅ ከጆሮዋ ሥር።

«አቤት፣ አያ ጅቦ።»

«ቡልቅ ቡልቅ የሚል ነገር ይሰማኛል። ከአንቺ ሆድ ነው?»

«ከእርስዎ ሆድ ነው።»

«ከጀርባሽ ላይ እንፋሎት ሲወጣም አያለሁ።»

«ጉም ነው አያ ጅቦ።»

ጅብ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ሳበ። «ደስ የሚል ሽታ አለሽ። ክፉ አላሰብኩም፤ መሐላ አለብኝ። ግን እንዲሁ ሳይሽ ጎላው እግር አውጥቶ አጠገቤ የቆመ ይመስለኛል።»

አቁማዳው ከጀርባዋ ወርዶ አጠገቧ አለ፤ አሁኑኑ ፈታ ብታሳየው የአህያ ነፍስ ትድናለች። ግን ቀኑ ገና ሦስተኛው ነው። ዛሬ ከተፈታ ሰባተኛው ቀን ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ቀን ደግሞ ለእሷም፣ ከበሩ ወዲህ ላሉት ሕፃናትም ሞት ነው። ስለዚህ አቁማዳውን ሳትፈታ አደረች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ሌላው ሲያልም እሷ ዓይኗን አልከደነችም፤ በጉሙ ውስጥም ሁለት ቢጫ ዓይኖች ከእሷ ጋር ሳይከደኑ ቆዩ።

ጉሙ ትንሽ ነጣ ሲል፣ በአራተኛው ቀን ጧት፣ ቀበሮ ወደ አንበሳ ቀረበ። ጥፋቱን የሚሸፍንበት ነገር ሲፈልግ ነው ያደረው።

«ጌታዬ፣ ስንቅ አልቋል» አለ ድምፁን አለስልሶ። «መሐላችን ደግሞ ስንቅ እስካለ ድረስ ነው የሚለው። እኔ በማንም ላይ ክፉ አላስብም፤ ቃሉን ለማስታወስ ያህል ነው። የሚጫን ነገር ከሌለ እንግዲህ ተሸካሚም አያስፈልግም።»

«አያስፈልግም!» አለ አያ ጅቦ ዘሎ።

ጦሩ መሬት መሬት አየ። አንበሳ ወደ አህያ ዞረ፣ ዓይኑም እሷ ላይ ቆየ። አልወቅሰውም፤ ርቦታል። ብቻ መቆየት ከሚገባው በላይ ቆየ።

«ጌታዬ» አለች አህያ። «ስንቅ አላለቀም። ድንጋዬን ይፍቱልኝ።»

አቁማዳው ተፈታ። የተቆላ ገብስ ሽታ በጉሙ ውስጥ ቀስ ብሎ ተዘረጋ፤ ጦሩ ከሕልሙ እየነቃ ተጠጋ። ቀበሮ ግን በቀላሉ የሚሸነፍ አልነበረም።

«ይህ ስንቅ አይደለም!» አለ። «በጦሩ ሁሉ ፊት ድንጋይ ነው ተብሎ የተጫነ ነው። ድንጋይ ስላለ ስንቅ አለ አይባልም።»

«እኔም ሰምቻለሁ፤ ድንጋይ ነው!» አለ ጅብ። «ስንቅ ከተባለማ...» አለና አህያን አይቶ ቃሉን በምራቁ ዋጠው።

አንበሳ አንድ ጭብጥ በሶ ዘግኖ ወደ አፉ ጣለ። ወዲያው አነቀው፤ ሳለ፣ ጎፈሩ ሁሉ ነጭ ዱቄት ሆነ። ቀበሮ ፈገግ ማለት ጀመረ።

«በውሃ ነው ጌታዬ» አለች አህያ፤ ወደ አለቱ ሥርም መራችው። ጎላው በጠብታው አፉ ድረስ ሞልቶ ነበር። በሶውን በውሃው በጥብጣ ሰጠችው።

አንበሳ ጠጣ። ዓይኑን ጨፈነ። ቀዝቃዛ ነበር፣ ቅቤም የለውም፣ ግን ውስጡ አንድ ቦታ የገብስ ማሳና ፀሐይ ነበረበት።

«ድንጋይ አይዋጥም» አለ በመጨረሻ። «ይህ ተዋጠ። ስለዚህ ስንቅ አለ። ስንቅ ካለ ደግሞ መሐላው አለ። አያ ጅቦ፣ ከእመት አህዪት ራቅ በል።»

አህያ ለየአንዳንዱ በቆጠራው መሠረት አደለች፤ ጧት ጭብጥ በሶ፣ ማታ ቁራሽ ቋንጣ። አያ ጅቦ የደረሰውን መዳፉ ላይ አድርጎ እያገላበጠ «ይህ ነው እንዴ?» አለ። እስኪበጠበጥለት ሳይጠብቅ ደረቁን ዋጠውና በላዩ ላይ ውሃ ጠጣበት፤ ቆየት ብሎም ውሃውን ደገመው። በሶው ሆዱ ውስጥ ማበጥ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ጅብ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ተጋደመ።

«እመት አህዪት» አለ እያቃሰተ። «ያ ቀላሉ ነገር ከበደኝ።»

እንዲህ ሆኖ አራቱ ቀን አለፈ። ጢስ አልታየ፣ የወጥ ሽታ አልሸተተ፣ የሚጮኽ ሆድ አልተሰማ። ተኩላዎቹ ከማዶ ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ ጠበቁና በጉሙ ውስጥ ጦሩ አንድ ቦታ ሳይሆን ሁሉም ቦታ ያለ እየመሰላቸው መጡ። እነሱም ስንቅ አልያዙም ነበር። በሰባተኛው ቀን ጉሙ ሲገለጥ በሩ ማዶ የቀረው ዱካቸው ብቻ ነበር። ታች በቆላው ሜዳ ላይ ሚዳቋዎች ልጆቻቸውን አስከትለው ሲራመዱ ታየ። አህያ ቆማ ስታያቸው ዓይኗ እንባ ሞላ።

ሲመለሱ አቁማዳው ባዶ ስለሆነ ለጎላው ሚዛን ጠፋ። አንበሳም ጎላውን ቀበሮና ጅብ በእንጨት አንጠልጥለው እንዲሸከሙት አዘዘ። ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ የቀበሮ ምላስ ወጣ።

«ይህ ድስት ሰፈር ሳለ እንዲህ ይከብድ ነበር?» አለ።

«ሰፈር ሳለ መቼ አንሥተውት ያውቃሉ፣ አለቃ?» አለች አህያ፣ ጀርባዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ሆኖ።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ አንበሳ ጦሩን ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህም በሶ ነው የምንበላው!» አለ። የዝንጀሮዎቹ ፊት ጠቆረ።

«አይሆንም ጌታዬ» አለች አህያ። «የጎድን አጥንታቸውን ይዩት። በሶ ለመንገድ ነው፤ እዚህ ማገዶ አለ፣ ውሃ አለ፣ ጥላ አለ። ለተመለሰ ጦር ትኩስ ነገር ይገባዋል። ለዚህ ደግሞ ከአለቃ ቀበሮ የተሻለ እጅ የለም።»

ቀበሮ አንገቱን ደፋና እሳቱን ሊያነድድ ሄደ። ያን ዕለት ለራሱ አንድ ቁራጭ እንኳ ቀድሞ አላነሣም ይባላል፤ እኔ ግን አላየሁም።

«ላንቺስ ምን ላድርግልሽ?» አላት አንበሳ።

አህያ አላመነታችም። «ከመሐላው ላይ መጀመሪያውን ይቁረጡልኝ።»

በማግስቱ ጧት ጦሩ በጎላው ዙሪያ ተሰልፎ «ጓድ ጓዱን አይበላም!» አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም።

«ስንቅ ባይኖርስ?» አለ አያ ጅቦ ቀስ ብሎ።

«ባይኖርም» አለ አንበሳ።

ቀትር ሆነ። ጎላው ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ እንፋሎቱ በተኙት ላይ ይዞራል፣ አያ ጅቦም በሕልሙ ድስት ይጠርጋል። እመት አህዪትም ከግራር ሥር ተጋድማ ዓይኗን ከድናለች። ከራስጌዋ ግን እስከ አፉ የተሞላ አቁማዳ አለ፤ መሐላውን ስላላመነች አይደለም፣ መንገዱን ስለምታውቀው ነው።

ከዚህ የምንማረው ለብዙዎች የሚበላውን የሚያስብ ሁሉ ምግቡ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ብቻ ሳይሆን የት እንደሚበላና በማን ጀርባ እንደሚጓዝም አስቀድሞ ማሰብ፣ ተሸካሚውንም መስማት እንዳለበት ነው።